ለሰከንዶች የሚቀመጥ ኃይል

ኮዲያክ በአላስካ ደቡብ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ ደሴት ናት። በዓለም ካሉት ግዙፍ ድቦች አንዱ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። የነዋሪዎቿ እንጀራ ግን ዓሣ ነው። ከአሜሪካ ትልልቅ የዓሣ ወደቦች አንዱ እዚያ ይገኛል፤ ዓሣ የሚያቀነባብሩና የሚያቀዘቅዙ ፋብሪካዎችም በወደቡ ዙሪያ ተደርድረዋል። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ትልቅ የጦር ሰፈርም አለ። ከዋናው ምድር ተዘርግቶ የሚመጣ የመብራት መስመር ግን የለም። ማቀዝቀዣውም፣ ሆስፒታሉም፣ የወደቡ ክሬንም የሚሠሩት ደሴቲቱ ራሷ በምታመነጨው ኃይል ነው።

ኃይሉን የሚያቀርበው ከ1941 ጀምሮ ያለ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ሲወራ ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ማኅበሩ ቴረር ሌክ ከተባለ ግድብ የውኃ ኃይል ያገኝ ነበር፤ የጎደለውን በናፍጣ ይሞላል። በ2009 ፒላር በተባለው ተራራ ላይ ሦስት የነፋስ ተርባይኖችን ተከለ፣ በ2012 ደግሞ ሦስት ጨመረ። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ስለሆኑ ባጠቃላይ 9 ሜጋዋት ይሆናሉ። በ2020 የኃይሉን 95 በመቶ ከታዳሽ ምንጭ ለማግኘት ግብ ጥሎ ነበር፤ ከቀጠሮው ብዙ ቀድሞ 99 በመቶን አለፈ።

ችግሩ የመጣው ከክሬኑ ነው። በወደቡ የሚሠራው የመርከብ ኩባንያ አሮጌውን ክሬን በትልቅ የኤሌክትሪክ ክሬን ለመተካት ፈለገ። ክሬን ክፉ ደንበኛ ነው። ኮንቴይነሩን ከመርከቡ ሆድ ሲያነሳ በአንድ ጊዜ እስከ 2 ሜጋዋት ይስባል፤ ወደ ጎን ሲያሻግር ፍላጎቱ ይወድቃል፤ ሲያወርድ ደግሞ የዘመናዊ ክሬን ሞተር ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ መስመሩ መልሶ ይገፋል። ከደቂቃ በኋላ ሌላ ኮንቴይነር፣ ያው መውጣትና መውረድ። ለትልቅ አገር ኔትወርክ ይህ ከቁጥር አይገባም። ጥቂት ተርባይኖች ብቻ ላሏት ደሴት ግን መርከብ በመጣ ቁጥር የከተማው መብራት ከክሬኑ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ማኅበሩ ነፋሱን ለማረጋጋት የተከላቸው 3 ሜጋዋት የሚሰጡ ባትሪዎች ነበሩት። የክሬኑን ሥራ ለእነሱ ቢሰጣቸው ይችሉታል፤ ግን ቀኑን ሙሉ በየደቂቃው ሲሞሉና ሲራገፉ ቶሎ ያረጃሉ። ስለዚህ በ2015 ኤቢቢ የሠራቸው ሁለት ፍላይዊሎች ተገጠሙ፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜጋዋት። ፍላይዊል ከባድ የብረት መንኮራኩር ነው። ትርፍ ኃይል ሲኖር ሞተሩ ያፈጥነዋል፤ ኃይል ሲጎድል የራሱ ሽክርክሪት ያንኑ ሞተር ገፍቶ ኮረንቲ ያወጣል። ውስጡ የሚያረጅ ኬሚካል ስለሌለ ሺሕ ጊዜም ሚሊዮን ጊዜም ቢያፈጥኑትና ቢያዘገዩት ግድ የለውም።

አንዱ መንኮራኩር ስንት ኃይል ይይዛል? 18 ሜጋዋት ሰከንድ፣ ማለትም 5 ኪሎዋት ሰዓት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል፤ የመንኮራኩሩ ጠቅላላ ሀብት እንግዲህ አንዲት እናት ለሰዓት ተኩል ያህል እንጀራ ብትጋግርበት ያልቃል። በዚህ መጠን ነው የአንድ ወደብ ክሬን ከአንድ ከተማ መብራት ጋር በሰላም እንዲኖር የተደረገው።

ይህን ያህል በኮዲያክ የቆየሁት ስለ ኃይል ማከማቻ ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ያቆያል?» ስለሆነ ነው። ቤቱ ማታ ማታ መብራት ለሚጠፋበት ሰው ጥያቄው ልክ ነው። ለፋብሪካ ግን፣ በተለይም በአንድ ግቢ ተሰብስበው ለሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ መቅደም ያለበት «በስንት ሰከንድ ይደርሳል?» የሚለው ይመስለኛል። ኪሎዋት እና ኪሎዋት ሰዓት በወሬ ሲቀላቀሉ የሚጠፋው ይህ ልዩነት ነው፤ የመጀመሪያው ጉልበቱን ይነግረናል፣ ሁለተኛው ስንቁን።

ሰከንዱ ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ለማየት የኮረንቲውን ምት ማወቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም በአውስትራሊያም መስመሩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ። ምቱን የሚወስነው የጄኔሬተሮቹ የመሽከርከር ፍጥነት ነው። አንድ ትልቅ ሞተር ድንገት ሲነሳ ጄኔሬተሮቹ ሁሉ ትንሽ ይዘገያሉ፣ ምቱ ይወርዳል፤ ተቆጣጣሪው ይህን አይቶ የውኃውን በር ወይም የናፍጣውን መርጫ ይከፍታል። ውኃ ግን ከባድ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ፍጥነት እስኪያገኝ ሰከንዶች ያልፋሉ። ምቱ ከተወሰነው ወለል በታች ከወረደ መከላከያዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ይቆርጣሉ። አንዱ ሲቆርጥ ሸክሙ በሌላው ላይ ይወድቃል፣ ያም ይቆርጣል። አገር የሚያጨልሙ መቋረጦች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የሚጓዙ ናቸው።

በደቡብ አውስትራሊያ በሴፕቴምበር 2016 ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ሆርንስዴል በተባለ ቦታ 100 ሜጋዋት የሚሰጥና 129 ሜጋዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሥራ ጀመረ፤ በጊዜው ከሊቲየም ባትሪዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 14፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚርቅ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ 560 ሜጋዋት ድንገት ከመስመር ወጣ። ባትሪው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኃይል መልቀቅ ጀመረ። ጋዜጦች አገር ያዳነ አድርገው ጻፉለት። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት የሰጠው 7 ሜጋዋት ገደማ ብቻ ነው፤ 560 ለጎደለው ሰው 7 መስጠት ማዳን አይባልም። መሐንዲሶቹን ያስደነቃቸው ብዛቱ አልነበረም፤ ለዚሁ ሥራ ውል የገባው ጣቢያ ሳይንቀሳቀስ ባትሪው መድረሱ ነው።

ሆርንስዴል የትልቅ ኔትወርክ አካል ነው። ማይክሮግሪድ የሚባለው ከዚህ የሚለየው ራሱን ቆርጦ መኖር መቻሉ ነው። አንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኝባት አንዲት ነጥብ አለች፤ እዚያ ትልቅ ብሬከር ይቀመጣል። መስመሩ ጤነኛ ሲሆን ብሬከሩ ተዘግቶ ያገናኛል፤ ፓርኩም ከአገሩ ጋር አብሮ ይመታል። መስመሩ ሲታመም ብሬከሩ ይከፈታል፣ ፓርኩ ደሴት ይሆናል፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ምቱን ራሱ መጠበቅ አለበት። ይህን የሚያዝ ኮምፒውተር አለ፤ የትኛው ሸክም ይቀጥል፣ የትኛው ይቁም፣ ማን ያመንጭ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። አየር ማቀዝቀዣው ሩብ ሰዓት ቢቆም ማንም አይሞትም፤ የጨርቅ ማቅለሚያው ፓምፕ ግን መቆም የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ የደረደረ ፋብሪካ፣ ፀሐይ አናቱ ላይ እያለች መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጨልማል። ምክንያቱ የሰሌዳዎቹን ኮረንቲ ወደ መስመሩ ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው። ተራው ኢንቨርተር የራሱ ምት የለውም፤ የመስመሩን ምት ሰምቶ ይከተላል። መስመሩ ዝም ሲል እሱም ዝም ይላል፣ እንዲያውም ዝም እንዲል በሕግ ይገደዳል፤ ካልሆነ ሠራተኛው ምሰሶ ላይ ወጥቶ «ጠፍቷል» ብሎ የነካው ሽቦ ከፋብሪካው በኩል በሚመጣ ኮረንቲ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ሶላር ብቻ ማይክሮግሪድ አይሆንም። ምት ሰጪ የሆነ ሌላ ኢንቨርተር ያስፈልጋል፤ ያም ከጀርባው ሁልጊዜ የማይነጥፍ ነገር ይፈልጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ። ሶላር የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ቀድሞ ካልነገረዎት፣ ይጠይቁት።

ናፍጣ ጄኔሬተር ምት ይሰጣል፤ ሶላሩን ከእሱ ጋር ማጣመርም ይቻላል፣ በብዙ አገር ይደረጋልም። ግን ጄኔሬተር ከአቅሙ ሲሶ በታች ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ነዳጁን በደንብ አያቃጥልም፣ ሞተሩም በጥላሸት ይበላሻል። ስለዚህ ፀሐዩ ምንም ያህል ቢበዛ ጄኔሬተሩ ድርሻውን መብላቱን አይተውም። ላይም ደመና አለ። ደመና ሲያልፍ የአንድ ሶላር መስክ ምርት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ በላይ ሊወርድ ይችላል። ይህን የሚፈራ ኦፕሬተር ሌላ ጄኔሬተር አስነስቶ፣ ያለ ሥራ እያሽከረከረ ያቆየዋል። ነዳጁ የሚቃጠለው ለኃይል አይደለም፤ ለፍርሃት ነው።

ያንን ፍርሃት ባትሪ እንዴት እንደሚተካው በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ያለው የአግኒው ወርቅ ማውጫ ነው። ባለቤቱ ጎልድ ፊልድስ፣ የኃይል ጣቢያውን የሠራው ኢዲኤል ነው። ከ2020 ጀምሮ አምስት የነፋስ ተርባይኖች 18 ሜጋዋት፣ ሶላር 4 ሜጋዋት፣ የተቀረውን የጋዝና የናፍጣ ሞተሮች ይሰጣሉ። ባትሪው ጉልበቱ 13 ሜጋዋት ሲሆን ስንቁ 4 ሜጋዋት ሰዓት ነው። ልብ በሉ፤ በሙሉ ኃይሉ ቢለቅ በ18 ደቂቃ ያልቃል። ሌሊቱን ለማሻገር የተገዛ ባትሪ ይህን አይመስልም። የተገዛው ነፋሱ ድንገት ቢዳከም የጋዝ ሞተር ተነስቶ እስኪሞቅ ድረስ ቦታውን እንዲይዝ ነው። ሞተሮቹ ያለ ሥራ መሽከርከራቸውን አቆሙ፤ ማውጫውም በአማካይ ከግማሽ በላይ ኃይሉን፣ አየሩ ሲስማማ እስከ 85 በመቶ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ያገኛል።

አግኒው ላይ ደስ የሚለኝ ሌላ ዕቃ አለ፤ ሰማይን የሚመለከት ካሜራ። ደመናው ወደ ሰሌዳዎቹ ሲቀርብ አይቶ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ጥላው ሳይደርስ ሞተር ያስነሳል። ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ሰማይ አይቶ የሚያደርገውን ማሽኑ በደቂቃ ልክ ያደርገዋል።

ወደ እኛ ቀረብ ያለው ምሳሌ በማሊ ነው። ፌኮላ የተባለው የወርቅ ማውጫ ከአገሩ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ በከባድ ነዳጅ የሚሠሩ ሞተሮች ነበሩት። በ2021 30 ሜጋዋት ሶላርና 15.4 ሜጋዋት ሰዓት የሚይዝ፣ 17.3 ሜጋዋት የሚሰጥ ባትሪ ጨመረ። ቀን ቀን ከስድስቱ ሞተሮች ሦስቱን ማጥፋት እንዲችል ተብሎ ነው የታቀደው፤ በዓመት ከ13 ሚሊዮን ሊትር በላይ ነዳጅ። እዚህም ባትሪው ለአንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማሊ ውስጥ ነዳጅ ከወደብ በመኪና ተጭኖ ረጅም መንገድ አቋርጦ ነው የሚመጣው። የኢትዮጵያ አንባቢ የጅቡቲን መንገድ ያስብ።

ወርቅ ማውጫዎች በዚህ ጉዳይ የቀደሙት ተፈጥሮን ከሌላው አብልጠው ስለሚወዱ አይመስለኝም። ኃይላቸው ውድ ነው፣ ጭነታቸው ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት ነው፣ ባለቤቱም አንድ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ከዚህ ይለያል፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ተከራይ አለ፣ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ያቀልማል፣ አንዱ ጫማ ይገጥማል። በእውነተኛ ፓርክ ላይ የተሞከረውን ለማየት ወደ ቻይና ማየት ይሻላል። በውስጥ ሞንጎሊያ ኦርዶስ በድንጋይ ከሰል የታወቀች ከተማ ናት። ኤንቪዥን የተባለው ኩባንያ እዚያ በነፋስ፣ በሶላርና በባትሪ የሚሠራ የኢንዱስትሪ ፓርክ አቁሟል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2022 ተጠናቀቀ። ኩባንያው እንደሚለው 80 በመቶ የሚሆነው ኃይል በቀጥታ ከግቢው ዙሪያ ይመጣል፤ የቀረው 20 በመቶ ትርፍ ሲኖር ለግሪዱ ተሽጦ ሲጎድል መልሶ የሚገዛ ነው። ከፓርኩ ዋና ተከራዮች አንዱ ራሱ የባትሪ ፋብሪካ ነው። ለግሪዱ መሸጡና መልሶ መግዛቱ ቀላል ዝርዝር አይደለም፤ ግሪዱን እንደ ማከማቻ መጠቀም የሚቻለው የሚሸጥለትና የሚገዛው ሕግ ካለ ብቻ ነው።

ወደ ኮዲያክ አንዴ ልመለስ፤ የቀረ ነገር አለ። ደሴቲቱ ማከማቻዋን በጊዜ ከፋፍላዋለች። ሰከንዱን መንኮራኩሩ ይይዛል። ነፋሱ ሲዋዥቅ ደቂቃውን ባትሪው ይይዛል። ሳምንቱንና ወራቱን የሚይዘው ግን ሐይቁ ነው፤ ነፋስ ሲነፍስ የውኃው በር ይጠባል፣ ውኃው ባለበት ይቆያል፣ ነፋሱ ሲተኛ ይለቀቃል። በ2014 ለግድቡ ሦስተኛ ተርባይን የተጨመረለት ይህን ልውውጥ ለማስፋት ጭምር ነው። የትኛውም አንድ ዕቃ ሦስቱን ሥራ ቢሰጠው ወይ ይሰበራል ወይ ገንዘብ ይጨርሳል።

የኢትዮጵያ ፓርኮች ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅምና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ አለው። ወራቱን የሚይዘው ማከማቻ፣ በዓለም ላይ ብዙ አገሮች በቢሊዮን ዶላር የሚመኙት፣ በእጃችን አለ ማለት ነው። ነፋሱም ይረዳዋል። የአዳማ አንደኛው የነፋስ ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ነው፤ ተርባይኖቹ በመጠን የኮዲያክን ያህል፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞቹ በሚቀንሱበት ወቅት ስለሆነ ክረምትና በጋ እየተቀባበሉ ይሠራሉ። ስለዚህ በውጭ አገር ለፓርክ ማይክሮግሪድ የሚቀርበው የመጀመሪያው ምክንያት፣ ካርቦን መቀነስ፣ እዚህ ያን ያህል አይከብድም። መስመሩ ራሱ ንጹሕ ነው።

የሚጎድለን በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። ኃይሉ ከግድቡ ተነስቶ፣ በከፍተኛ መስመር ተጉዞ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ደርሶ፣ ከዚያ በኋላ ዛፍ ይነካዋል፣ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ዝናብ ኢንሱሌተሩን ያስለቅቃል። ለቤት ይህ የአንድ ማታ ሻማ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን መብራቱ መጥፋት እንኳ አያስፈልገውም። ቮልቴጁ ለሰከንድ ሽራፊ ብቻ ዝቅ ቢል የሞተሮቹ ማገናኛ (ኮንታክተር) ይለቃል፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ። አምፖሉ እንደ ዓይን ጥቅሻ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ ማሽኖቹ ግን ቆመዋል። በፈተል ክፍል አንድ ማሽን ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክሮች ይበጠሱና ሠራተኞቹ እየዞሩ በእጅ ይቀጥላሉ። በማቅለሚያ ክፍል ጨርቁ በተለካ ሙቀትና በተለካ ደቂቃ ነው የሚታጠበው፤ መካከሉ ላይ ከቆመ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ ያ ጥቅል ለገዢ አይሄድም።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለው። ከ52ቱ ሼዶች የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ተብሎ ውኃውን አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል ማጣሪያ ተገንብቶለታል። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ኃይል በላተኛ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት የሚገፉ ፓምፖች አሉት፣ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎችም አየር ካልተነፋላቸው ይሞታሉ። ማይክሮግሪድ ሲታቀድ «የማይቆሙ ሸክሞች» የሚባለው ዝርዝር መጀመሪያ ላይ መጻፍ ያለበት ይኸው ነው።

ጣሪያውስ? በኢትዮጵያ ፓርኮች የተለመደው ትልቁ ሼድ 11,000 ካሬ ሜትር ነው። የዛሬ ሰሌዳ በካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ መሄጃ መንገዱንና የብርሃን ማስገቢያውን ሲቀንሱ በአንድ ጣሪያ ላይ 1.5 ሜጋዋት ያህል ማስቀመጥ ይቻላል። ለልብስ ስፌት ሼድ ይህ በቀትር ከበቂ በላይ ነው። ለፈተል ወይም ለማቅለሚያ ግን ላይበቃ ይችላል። ከዚያም በፊት መዋቅር መሐንዲስ ይጠየቅ፤ ቀጭን ቆርቆሮ የለበሰ የብረት ጣሪያ ተጨማሪውን ክብደትና ነፋሱን እንዲሸከም ላይሠራ ይችላል።

ባትሪውን እናስላ። 500 ኪሎዋት የሚስብ ሼድ አለ እንበል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ተነስቶ እስኪረከብ ሁለት ደቂቃ ቢሰጠው የሚያስፈልገው 17 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ነገር ግን ባትሪ ያለውን ሁሉ በሁለት ደቂቃ እንዲተፋ ቢጠየቅ አይችልም፤ ይግላል፣ ይበላሻል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊያራግፍ የሚችል ከተመረጠ 250 ኪሎዋት ሰዓት ይገጠማል። ይኸው ሼድ ግን ቀንና ሌሊት በባትሪ ይኑር ቢባል 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። በ2024 የሊቲየም ባትሪ አማካይ ዋጋ በዓለም ገበያ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ነበር፤ በ2010 ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በዚህ ዋጋ የመጀመሪያው 29,000 ዶላር፣ ሁለተኛው 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ኢንቨርተሩ፣ ማጓጓዣውና ተከላው በሁለቱም ላይ ይጨመራል፤ ልዩነቱ ግን በዚህ አይጠፋም።

ከርካሽነቱ ጋር እሳቱም ይነገር። በ2019 በአሪዞና አንድ 2 ሜጋዋት ባትሪ የተቀመጠበት ክፍል ጋዝ ታፍኖበት ፈንድቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ክፉኛ ጎድቷል። በጃንዋሪ 2025 በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ የተነሳው እሳት ከ1,000 በላይ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። ዛሬ ለቋሚ ማከማቻ በብዛት የሚመረጠው ብረትና ፎስፌት ያለበት ሊቲየም ነው፤ ክብደቱ ይበዛል፣ ነገር ግን ሙቀትን በተሻለ ይታገሣል፣ ኮባልትም አይፈልግም። የትም ለማይሮጥ የሕንፃ ባትሪ ክብደቱ ምን ችግር አለው? የሚያስፈልገው ከሼዱ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ መቀመጥ ነው፤ በየኮንቴይነሩ መካከል ክፍተት ኖሮት፣ ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ተትቶለት። ጨርቅ ከተከመረበት መጋዘን ጎን ባትሪ ማስቀመጥ እብደት ነው።

በሌሎች አገሮች ባትሪ ገንዘቡን የሚመልሰው ኃይል በረከሰ ሰዓት ሞልቶ በተወደደ ሰዓት በመስጠት ነው። የኢትዮጵያ ታሪፍ በየጊዜው እየተሻሻለ ቢመጣም ገና ዝቅተኛ ስለሆነ በዚህ መንገድ ባትሪ ዕዳውን አይከፍልም፤ ይከፍላል ብሎ የሚያቀርብ ሰው ሒሳቡን ከሌላ አገር ገልብጦ ነው። እዚህ ባትሪ የሚወዳደረው ከጄኔሬተሩ ናፍጣና ከተበላሸው ጨርቅ ጋር ነው። ሁለቱም፣ ናፍጣውም ባትሪውም፣ በውጭ ምንዛሪ ይመጣሉ፤ ባትሪው ግን የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው።

ከዚያ የባለቤትነት ጥያቄ ይመጣል። ኃይል የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ የመንግሥት ፓርኮችን ግቢ የሚያስተዳድረው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው፣ ጨርቁ የሚበላሽበት ደግሞ ተከራዩ ነው። የተጎዳው አንዱ፣ ማሻሻል የሚችለው ሌላው ነው። አግኒው ላይ ይህ የተፈታው ኃይሉን ለይቶ የሚሸጥ ኩባንያ ጣቢያውን የራሱ አድርጎ ሠርቶ ማውጫው በረጅም ውል እንዲከፍለው በማድረግ ነው። ሃያ ተከራይ ባለበት ግቢ ደግሞ ውሉን የሚፈርመው ፓርኩ መሆን አለበት፤ ተከራይ በአምስተኛው ዓመት ሊሄድ ይችላል፣ ባትሪው ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት የሚቀድም ርካሽ ዕቃ አለ፤ በመግቢያው ብሬከር ላይ የሚታሰር፣ ቮልቴጁንና ምቱን በሰከንድ ሽራፊ የሚመዘግብ መለኪያ። አንድ ዓመት፣ ክረምቱንም በጋውንም ጨምሮ፣ ይመዝግብ። መቋረጦቹ አብዛኞቹ ከአሥር ሰከንድ በታች ከሆኑ የሚያስፈልገው ትንሽ ባትሪና ጥሩ ኢንቨርተር ነው። አብዛኞቹ ሰዓታት የሚወስዱ ከሆኑ ባትሪው ለማስነሻ ብቻ ይገዛና ገንዘቡ ወደ ሁለተኛ መስመር ወይም ወደ ጄኔሬተር ይሂድ። መቋረጡ ከፓርኩ የውስጥ ኬብል ከሆነ ደግሞ፣ ይህም በብዙ ግቢ ይታያል፣ ኬብሉን መቀየር ከማንኛውም ባትሪ ይረክሳል።